መሰንቆን ከወጥ ቤት አትለዩት

ደብረ ማርቆስ ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብ ያድራል። እንዲህ ባለው ምሽት አዝማሪው ጠጅ ቤት ሲደርስ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጠጪው ሳይሆን ወደ ጓዳ ነበር። መሰንቆውን ከጋቢው ሥር አውጥቶ፣ ሽሮው ከሚንተከተክበት ምድጃ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ቆዳ የለበሰውን ፊት ወደ ፍሙ ያዞረዋል። እርጥበት የገባው ቆዳ ይረግባል፤ የረገበ ቆዳ ላይ የፈረስ ጭራው ያጉረመርማል እንጂ አይጮኽም። ሰውዬው በጥፍሩ መታ ያደርገዋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ መልሶ ለፍሙ ይሰጠዋል። የቤቱ እመቤት፣ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ብቻ ብሎ የሚጠራቸው ሴት፣ ወጡን እያማሰሉ «ኋላ አቃጥለኸው በኔ እንዳታሳብብ» ይሉታል። እኔ ብርዝ ግዛ ተብዬ ተልኬ፣ ጠርሙሴን ይዤ በር ላይ የቆምኩ ልጅ ነኝ። ቆዳው ሞቆ «ጠንግ» እስኪል ድረስ ወደ ቤቴ አልሄድም ነበር። በዚህም ስንቴ እንደተገረፍኩ እናቴ ታውቃለች።

ይህ ትዝታ የመጣብኝ ያለ ምክንያት አይደለም። አዝማሪ ቤቶቻችን እየጠፉ ነው፣ መፍትሔውም ዘመናዊ የባህል አዳራሽ መሥራት ነው የሚል ወሬ በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ሰፊ መድረክ፣ ጥሩ ድምፅ ማጉያ፣ በረድፍ የተደረደረ ወንበር። ይህን የሚሉት ሰዎች ለባህሉ ተቆርቋሪዎች ናቸው፤ አልጠራጠርም። ነገር ግን አዝማሪ ቤት ምን እንደነበረ የረሱ ይመስለኛል። አዝማሪ ቤት መጀመሪያ የሚበላበትና የሚጠጣበት ቤት ነው። መሰንቆው የመጣው ማዕዱን ተከትሎ ነው። ማዕዱን አንሥታችሁ መሰንቆውን ብቻ ብታቆዩት፣ የቀረው ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ ከግብር፣ ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ይጀምራል። አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሲሆኑ፣ መቀመጫቸው መንቆረር፣ የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ነበረች። እንደ ማንኛውም የዘመኑ ቤተ መንግሥት እዚያም ግብር ሲገባ አዝማሪ አይታጣም። ጠጅ ያኔ የጌቶች መጠጥ ነው፤ ባላገሩ በጠላው ይኖራል። አዝማሪው በበላተኛው መሐል እየተዘዋወረ ያወድሳል፣ ይሸረድዳል፣ ሌላው ሰው ቢናገረው የሚያስገርፈውን ነገር በዜማ ጠቅልሎ ያሳልፋል። ስሙ «ዘመረ» ከሚለው ቃል የወጣ ቢሆንም ክብር አልተሰጠውም። ልጁን ለአዝማሪ የሚድር አልነበረም። እንጀራው ግን ከማዕዱ ላይ ነበር፤ ብርሌና ሙዳ ሥጋ፣ ሲቀናም ልብስ።

ከተማ ሲሰፋ፣ መንገድ ሲወጣ፣ ብር በሰው እጅ መዘዋወር ሲጀምር፣ ግብሩ ከእልፍኝ ወጥቶ መንገድ ዳር ወረደ። ያወረዱት ደግሞ ሴቶች ናቸው፤ ይህ ሲነገር እምብዛም አልሰማም። ባሏ የሞተባት፣ ወይም ትዳሯን ጥላ ከገጠር የመጣች ሴት የምታውቀው አንድ ሙያ ነው፤ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ በጥብጣ፣ ጌሾ ጨምራ ትጥላለች። ጥንስሱን ትጠብቃለች፣ ታጠላለች፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ታቆያለች። ጠጅ ያለ ምግብ አይሄድምና ጥብስና ዱለት ትጨምራለች። ቤቱ ሲሞላ መሰንቆ የያዘ ሰው በር ላይ ይቆማል፤ ደመወዝ አይጠይቅም፤ እንዲገባ ብቻ ይፈቀድለት። በጎጃም ከተሞች የሙዚቃ ቤት ታሪክ በአብዛኛው ይኸው ነው። የተመሠረተበት ቀን የተጻፈበት ሰሌዳ ስለሌለው ግን ታሪክ አይመስለንም።

የመሰንቆን ጉልበት ጣሊያን ከእኛ በላይ ሳያውቀው አልቀረም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ እንዲያዙና እንዲገደሉ ከታዘዘባቸው መካከል ጠንቋዮችና ከአገር አገር እየዞሩ የሚያዜሙ ሰዎች ይገኙባቸዋል። ጠመንጃ ያልያዘ ሰው የተፈራው በየጠጅ ቤቱ ወሬ ስለሚያደርስ ነው። ጋዜጣ በማይገባበት አገር አዝማሪ ጋዜጣ ነው። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. ከተሰቀለ በኋላ በቢቸናና በአካባቢዋ ስሙ እንዳይጠፋ ያደረገው ሐውልት አልነበረም፤ ሐውልቱ ኋላ የመጣ ነው። ስሙ የቆየው በሽለላና በቀረርቶ፣ አንዱ ጠጪ «ተቀበል!» ብሎ ሲያወጣ አዝማሪው ሲቀበለው ነው።

«ተቀበል» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጎጃም ቤት ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አገሩ የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የጎጃም ናቸው። ከእነዚህ ጉባኤ ቤቶች የወጣ ሁሉ ቄስ ወይም መምህር ሆኖ አልቀረም። ግማሹ ጸሐፊ፣ ግማሹ ነጋዴ፣ ግማሹ ደግሞ የልመና ደብዳቤ አርቃቂ ሆኖ ከተማ ገባ፤ ማታ ማታም ጠጅ ቤት ተገኘ። ስለዚህ አዝማሪው የሚጫወተው ሰምና ወርቅ ለይቶ ለሚሰማ ጆሮ ነው። ደካማ ግጥም ቢያወጣ ከጥግ የተቀመጠው ሰውዬ አርሞ ይመልስለታል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ የአዝማሪው ጉልበት የጠጪውን ጉልበት ይነካል። ያን ርቀት እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አንድ ምሽት ልንገራችሁ። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የራሴን ብርሌ ማዘዝ ከጀመርኩ በኋላ ነው። በእርሻ ወሰን የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቤት፣ በሁለት ጥግ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ቀን ገብቶ አንደኛው አሻፈረኝ ማለቱን ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። አዝማሪው ጓዳ ገብቶ መሰንቆውን ሲያሞቅ ነው ወሬውን ከእትዬ የወሰደው፤ ወጥ ቤት የዜና ክፍልም ነበርና። ሲወጣ አንድ ሁለት ዘፈን ተጫወተ፣ አሞጋገሰ፣ ከዚያ እንደ ዘበት እንቢተኛው ፊት ቆሞ እንዲህ አለ፦

ጠጁ መረረኝ ሲል ሰምቼ ነበረ፣
ሽማግሌው ማር ቢል እንቢ ብሎ ቀረ።

ሰሙ ስለ ጠጅ ነው፤ ጌሾ ስለበዛበት መጠጥና ማር ይጨመርበት ስላሉት ሰው። ወርቁን ለጎጃሜ አላብራራም። ቤቱ «እሰይ!» አለ። ሰውዬው ፊቱ ቀላ፤ ብርሌውን አስቀመጠ፤ እኔ መቼም ተነሥቶ ይመታዋል ብዬ ነበር። ከኪሱ ብር አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። በዚያው ምሽት ታረቁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልታረቁም። ነገር ግን በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ በሩን ከፈተላቸው።

እንግዲህ ይህን በድምፅ ማጉያ ሥሩት።

የመንገዱንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በመሐል ግን የዓባይ በረሃ አለ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን የወጣ የጭነት ሹፌር በቃኝ ብሎ ያድራል፤ ይርበዋል፤ ወሬ ይፈልጋል። ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ ያሉ ቤቶች በሹፌርና በረዳት ብር የቆሙ ነበሩ። ባሕር ዳር ደግሞ በ1950ዎቹ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊቴክኒኩ ሲከፈቱ የወር ደመወዝ የሚቆጥር ሰው አገኘች። ደመወዝ በወጣ ሰሞን ጠጅ ቤት ቦታ አይገኝም ይሉ ነበር ትልልቆቹ። ሑዳዴ ሲገባ ግን ሁሉም ነገር ይቀዘቅዛል፤ መሰንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ምድጃው ወደ ሽሮና ወደ ምስር ይዞራል፣ 55 ቀን ቤቱ ምግብ ቤት ብቻ ይሆናል። ጾሙን አሻግሮ ቤቱን ለሙዚቃው የሚያቆየው ያ የጾም ወጥ ነበር።

ደርግ ሰዓት እላፊ አወጀ። አዝማሪ የሌሊት ሠራተኛ ነው፤ ሌሊቱን ከወሰዳችሁበት መሬቱን እንደ መውሰድ ነው። ሠርግ የያዘ ሠርግ ያዘ፣ ቀበሌ ኪነት የገባ ገባ። ከ1983 በኋላ ሌሊቱ ሲመለስ ደግሞ ብዙው ሰው ወደ ካዛንቺስ ፈለሰ። የአዲስ አበባዎቹ ቤቶች ስም አወጡ፤ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም ሁለተኛው ቅጽ የተሰጠው ለከተማ አዝማሪዎች ነው። የኛዎቹ የጎጃም ቤቶች ግን ሲጨፈርባቸው አድረው ጠዋት ይታጠባሉ እንጂ ማን ቀርጿቸው! ካዛንቺስም ቢሆን አልቀረችም፤ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ስመ ጥሩው አዝማሪ ቤት ፈንድቃ ከቆየበት ቦታ ተነሥቷል።

እኛ ጋ የደረሰው ከመፍረስም የከፋ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ዘጋቸው፤ እሱ ሲያልፍ ማር ተወደደ፤ በስኳር የሚጣል ጠጅ በዛ። (በስኳር ጠጅ የማግስት ራስ ምታት ላይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣኛል፤ ለዛሬ ይቅር።) ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁ ጊዜው ቢያልፍም ሌሊቱ አልተመለሰም። መንገድ ሲዘጋ ሹፌር የለም፤ ሹፌር ከሌለ እራት የሚበላ የለም። ከሁሉም በላይ ግን ሐዘን አለ። ሐዘን በገባበት ሰፈር መሰንቆ አይመታም፤ ነውር ነው። በጎጃም ሐዘን ያልገባበት ሰፈር አሳዩኝ። አዝማሪዎቹ ማንም ሳይከለክላቸው ራሳቸው መሰንቆውን የሰቀሉበት ቤት አውቃለሁ።

ስለዚህ አዝማሪ ቤት ይዳን ሲባል እኔ የማስበው ስለ ምድጃው ነው። ሰላም ይምጣ፣ መንገድ ይከፈት፤ ይህ ከኔ አቅም በላይ ነው። ከዚያ በመለስ ግን ማዘጋጃ ቤት ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ለኮሪደር ልማት መንገድ ዳር ያለ ቤት ሲነሣ ውስጡ ምን ይሠራ እንደነበር ይመዝገብ፤ ምትክ ቦታ ሲሰጥ ሰው በእግሩ ከማይደርስበት ዳርቻ አይጣል። ለአዳራሽ የሚወጣው ገንዘብ ሲሶው እንኳ ማር መግዣ ላጡ ጠጅ ጣዮች ብድር ይሁን። ከነዚያ ሴቶች አንዷ ስትሞት የሚዘጋው አንድ ወጥ ቤት ብቻ አይደለም፤ ሦስት አራት መሰንቆ አብሮ ይዘጋል።

መድረክ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው ድምጿ ባሕር የተሻገረው በስቱዲዮና በመድረክ ነው፤ እሰየው። እሷ ዘፋኝ ናት፤ አዝማሪ ግን ሌላ ሙያ ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ስም፣ ሥራና ቁስል ሳያውቅ መጫወት አይችልም።

ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ከጦርነቱ በፊት አንድ አዲስ አዳራሽ ሲመረቅ፣ ሰዎቹ አዝማሪ ፈልግልን ብለውኝ ከልጅነቴ የማውቃቸውን አንድ አዛውንት ይዤ ሄድኩ። ክረምት ነበር። አዳራሹ ያምራል፤ ወለሉ ያብረቀርቃል፤ ከመድረኩ እስከ መጀመሪያው ወንበር አምስት ስድስት እርምጃ ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ማይክሮፎኑን፣ መብራቱን፣ የሚገቡበትን በር አሳያቸው። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙ። መሰንቆውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡና በጥፍራቸው መታ አደረጉት፤ እርጥብ ካርቶን የመታ ያህል ድምፅ ሰጠ።

«ወጥ ቤቱ በየት በኩል ነው ልጄ?» አሉት።

ምግቡ ከውጭ ታዝዞ በመኪና እንደሚመጣ አስረዳቸው። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ በአካባቢው ከሰል የሚያነድ ሻይ ቤት እንዳለ ጠየቁኝ። አንድ ነበረ፤ ከመንገዱ ማዶ። እንግዶቹ ወንበራቸውን ይዘው ሲጠብቁ እኛ ጃንጥላ ይዘን መንገድ ተሻገርን።