ጥቅምት 30 የለም አለኝ

እስቲ ስሙኝ፤ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል። የሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ከመስኮቴ ይታየኛል። እኔ ግን ከአንዲት ቀን ጋር ግብግብ ይዣለሁ። አንዲት እናት ፎርም ላይ የልደት ቀናቸውን ጥቅምት 30 ቀን 1965 ብለው ሞሉ። ሲስተማችን እንዲህ የሚባል ቀን የለም አላቸው። እሳቸው ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ላይ ጮኹ፣ እሷ አለቃዬ ላይ፣ አለቃዬ እኔ ላይ።

ከእኔ በፊት ሲስተሙን ይሠራ የነበረው ልጅ (የት እንደገባ እንጃ) የእኛን ቀን እንዳለ ዳታቤዝ ውስጥ ይከተው ነበር። ጥቅምት 2ኛ ወር ናት። ዳታቤዙ 2 ሲያይ የሚታየው ፌብሩዋሪ ነው። ፌብሩዋሪ 30 ከየት ይምጣ? ክፋቱ፣ መስከረም ይገባል፣ ኅዳር ይገባል። የሚወድቁት የጥቅምት መጨረሻና ጳጉሜን ብቻ ናቸው። ማን ይንቃ?

አለቃዬ ደግሞ «8 ዓመት ደምርበት፣ በቃ!» ይለኛል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ልዩነቱ 7 ነው እኮ ጌታዬ! ጳጉሜን 6 ስትሆንስ? እንቁጣጣሽ ራሷ ወደ ሴፕቴምበር 12 ትገፋለች።

ፕሮግራም የምጽፍበት ቋንቋ ጃቫም አንጀቴን ያሳርረዋል። ጃቫ 8 በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የጃፓን፣ የታይላንድ፣ የታይዋን፣ የሂጅራ አቆጣጠር ይዞ መጣ። የእኛስ? ከውጭ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ይገኛል፤ ዳታቤዙ ግን እሱንም አያውቀውም። ስለዚህ ቀንን የሚይዝ የራሴን ክላስ (የኮድ ክፍል) ሠርቼ ኮንቨርተር፣ ማለትም መቀየሪያ፣ ጻፍኩለት። አንዱ ሜተድ (ትእዛዝ) ሲገባ ወደ ፈረንጅ ይቀይራል፣ ሌላው ሲወጣ ወደ እኛ ይመልሳል። የእናታችን ቀን ኖቬምበር 9 ቀን 1972 ሆና ቁጭ አለች። ቡና አዘዝኩ።

ቡናው ሳይመጣ ሪፖርቱን ከፈትኩት። ጥቅምት 29 ይላል! ለካ ሰዓትም አብሮ የሚይዘውን የድሮውን የጃቫ ዴት ተጠቅሜ ኖሯል። የእኛ እኩለ ሌሊት በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት) ለሚሄደው ሰርቨር ገና የዋዜማው ምሽት 3 ሰዓት ነው። ቀን ብቻ የሚይዘውን ሎካልዴት አደረግኩትና ተስተካከለ። ይሄስ ይሁን።

አሁን ያሉት የድሮ መዝገቦች ናቸው ያስለቀሱኝ። ልደት፦ 1985፣ 3ኛ ወር፣ 5ኛ ቀን። የእኛ ነው የፈረንጅ? አንዳንዱ ሠራተኛ ከፓስፖርት ላይ እያየ ሞልቷል፣ አንዳንዱ ከቀበሌ መታወቂያ። ቁጥሩ አይናገር። ያ ልጅ ደግሞ ስልክ አያነሳም።