ከኋላ የነበረው ሄሊኮፕተር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ አሜሪካዊ አዛውንት ቤት ለስድስት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። ቁርስና እራታቸውን አቀርባለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ አስታውሳለሁ፣ ማታ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። በእነሱ አቆጣጠር 6:30፣ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን በዚያ ቤት የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ዜና ብቻ ነው። ስልክ አይነሳም፤ ሾርባው ከቀዘቀዘም ይቀዝቅዝ።

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ» አልኳቸው። ጥቂት አሰብ አደረጉና «ኮረም» አሉ። አሜሪካዊ ሰው ኮረምን በስም ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከየት እንዳወቋት ስጠይቃቸው እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጉ።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን የቀረጸውን፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ የተረከውን የኮረም ረሃብ ፊልም ኤንቢሲም በዚያው ዕለት አሳየው። ዜናውን የሚመራው ቶም ብሮካው ነበር። አዛውንቱ ያን ምሽት እራታቸውን ትተው እንደተነሡ፣ በማግሥቱም ቼክ ጽፈው እንደላኩ ነገሩኝ። እኔ ያኔ ደሴ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከሰሜን በኩል በመንገዱ ዳር የሚመጣውን የተራበ ሰው አይቶ ሲገባ ፊቱ እንዴት እንደነበር አልረሳውም። ሬዲዮው ግን ሰሞኑን ሁሉ ስለ አብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓልና ስለ ደርግ ፓርቲ ስለ ኢሠፓ ምሥረታ ነበር የሚያወራው። በራችን ላይ የሚሆነውን ሜሪላንድ የተቀመጠ ሰው በቴሌቪዥን ሲያየው፣ የእኛ ሬዲዮ አልነገረንም። ስለዚህ አዛውንቱ ያን ሳጥን ለምን እንደሚያምኑት ያን ቀን ገባኝ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የሆነው ልባቸውን የሰበረው ለዚህ ነው። ብራያን ዊሊያምስ የብሮካውን ወንበር የተረከበው በ2004 መጨረሻ ሲሆን፣ በእሳቸው ቤት ከአሥር ዓመት በላይ የማታ እንግዳ ሆኖ ነበር። ጃንዋሪ 30 ቀን ስለ አንድ ጡረተኛ ወታደር ሲዘግብ፣ በ2003 ኢራቅ ውስጥ የተሳፈረበት ሄሊኮፕተር በሮኬት ተመትቶ እንዳረፈ ተናገረ። በተመታው ሄሊኮፕተር ውስጥ የነበሩት ወታደሮች ግን በሕይወት አሉ፤ ቴሌቪዥንም ያያሉ። ከእነሱ አንዱ እኛ ጋር እንደነበርክ አላስታውስም ብሎ ፌስቡክ ላይ ጻፈለት። ዊሊያምስ የነበረው ከኋላ በሚመጣ ሌላ ሄሊኮፕተር ውስጥ ነበር። የወታደሮቹ ጋዜጣ ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ ነገሩን አወጣው፤ ፌብሩዋሪ 4 ማታ ዊሊያምስ በራሱ ዜና ላይ ይቅርታ ጠየቀ። ከስድስት ቀን በኋላ ለስድስት ወር ያለ ደመወዝ ታገደ። ወደዚያ ወንበርም አልተመለሰም፤ በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሌስተር ሆልት ተተካበት። ሆልት በሥራ ቀናት የምሽቱን ዜና ለብቻው በቋሚነት በመምራት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

ይቅርታውን አብረን ነበር ያየነው። አዛውንቱ በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ። ዜናው እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በእናንተ አገር ዜና የሚያነብ ሰው ሲዋሽ ምን ይደረጋል?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ምንም አይደረግም ብል እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። ሳድግ የማውቀው የዜና አንባቢ ድምፁ ያማረ፣ አማርኛው የጠራ፣ ያልጻፈውን የሚያነብ ሰው ነበር። የመከር ምርቱ ሁልጊዜ ጥሩ ነው፤ ስብሰባው ሁልጊዜ በስኬት ይጠናቀቃል። አባቴ ሬዲዮኑን የሚሰማው ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ ለማለት ነው። እውነቱን ሲፈልግ ድምፁን ቀንሶ የአሜሪካ ድምፅን ወይም ጀርመንን ይከፍት ነበር። የአገራችን አንባቢ በአንዲት የውሸት ሄሊኮፕተር ከወንበሩ ሊነሣ አይችልም፤ እንዲያ ሊያስነሣው የሚችል አመኔታ መጀመሪያውኑ አልሰጠነውምና።

ዊሊያምስ ያንን ወንበር ማጣቱ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጦር ሜዳ ሄዶ መዘገቡ ብቻውን ክብር ነበር፤ የሌላውን ሰው ሞት አፋፍ ለምን እንደፈለገው አይገባኝም። ኮረምን የቀረጸው ሞሐመድ አሚን በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ክንዱን አጥቷል። አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ እዚያው ሞተ። አሚን በሰው ሠራሽ ክንድ ወደ ካሜራው ተመለሰ፤ በ1989 ዓ.ም. ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የተጠለፈ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። ዊሊያምስን ባሰብኩ ቁጥር አሚን ይመጣብኛል።

ዜናው ራሱ የደከመው ግን በአንድ ሰው ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ የሦስቱን ቴሌቪዥኖች፣ የኤቢሲን፣ የሲቢኤስንና የኤንቢሲን የምሽት ዜና ከ50 ሚሊዮን የማያንስ ሰው ያይ ነበር። ሕዝቡ ሲጨምር ተመልካቹ ከግማሽ በታች ወረደ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሦስቱም ባለቤት ለወጡ፤ አዲሶቹ ዜና ክፍሉም ትርፍ ያምጣ አሉ፤ በውጭ አገር የነበሩ ቢሮዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። ኬብሉ መጣ፣ ኢንተርኔቱ ተከተለ። በዜናው መሐል የሚታየው ማስታወቂያ የልብ፣ የመገጣጠሚያና የስኳር መድኃኒት ነው። የአዛውንቱ የልጅ ልጆች ለበዓል ሲመጡ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ቀና የሚል ከእሳቸውና ከእኔ በስተቀር አልነበረም። ዛሬ ኮረምን የመሰለ ነገር ቢደርስ ካሜራ ይዞ የሚሄድ ይኖር ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ።

እኛ በስደት ያለነው ደግሞ ወደ ዩቲዩብ ገባን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ስልክ ተቆረጠ። የአገር ቤቱ ዜና ስለ ከተማችን የሚለውና እዚህ የምንሰማው አልገናኝ አለ። አንድ እዚሁ አሜሪካ ተቀምጦ የሚያቀርብ ሰው፣ በየማታው በሺህ የምንቆጠር የምናየው፣ ሰፈራችን በእሳት መጥፋቱን ከቦታው እንደተመለሰ ሰው አድርጎ ተናገረ። እናቴን አልቅሼ ጨረስኳት። እህቴ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች፤ ጎረቤት ቡና ይዞ መጣ፣ ድንኳን እንትከል ወይ ያሉም ነበሩ። ከሳምንታት በኋላ ስልክ ሲከፈት አባቴ አነሣው። ቤቱም ቆሟል፣ እናቴም አለች።

ለአቅራቢው ጻፍኩለት። ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት። መልስ አልመጣም፤ እርምትም አልተነገረም፤ ቪዲዮው እስከ ዛሬ አለ። ያን ማታ ገንዘብ ከላኩለት ሰዎች መሐል እኔም ነበርኩ። በእኛ ወገን ነው ብዬ ነው እንጂ ከየት ሰማኸው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። የዊሊያምስ ወታደሮች ይህን ነበር የጠየቁት፤ ሰውዬውን ጠልተው እንኳ አይመስለኝም።

አዛውንቱ ካረፉ ቆይተዋል። ሆልትም እ.ኤ.አ. በ2025 ወንበሩን ለቀቀ። ባለፈው እሑድ ወደ ደሴ ስደውል የ2 ሰዓቱ ዜና ከበስተኋላ ይሰማኛል።

«ምን አዲስ ነገር አለ አባባ?» አልኩት።

«ያው ነው» አለኝ። ድምፁን ቀነሰው። «ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ሰላም ነው ይባላል ወይ እናንተ ዘንድ? አክስትህ ልትሄድ ፈልጋ ነው።»