ማስተካከያ፦ 1,700 ሊትር ሳይሆን 1,700 ሜትር ኩብ
ሰሞኑን በስፋት የተጋራ ጽሑፍ «አንድ አገር የውሃ ጫና ውስጥ ገባ የሚባለው የነፍስ ወከፍ ድርሻው በዓመት ከ1,700 ሊትር ሲያንስ ነው» ይላል። ትክክለኛው 1,700 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1.7 ሚሊዮን ሊትር ነው። ቁጥሩ የተገኘው በውሃ ሀብት ጥናት ከተለመደው የፋልከንማርክ መለኪያ ነው፤ ከ1,000 ሜትር ኩብ በታች እጥረት፣ ከ500 በታች ፍጹም እጥረት ይባላል።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። 1,700 ሊትር ለ365 ቀን ሲካፈል 5 ሊትር እንኳ አይሞላም፤ ለመጠጥና ለማብሰያ ቢበቃ ነው። በዚያ ስሌት ጫና ያለበት አገር አይገኝም ማለት ይቻላል። መለኪያው የሚይዘው ከቧንቧ የሚቀዳውን ሳይሆን በየዓመቱ የሚተካውን የወንዝና የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ሰው ከሚጠቀምበት ውስጥ አብዛኛው ደግሞ የሚሄደው ለመስኖ ነው። ዝናቡ ሳይቀንስ ሕዝቡ እጥፍ ቢሆን ድርሻው በግማሽ ይወርዳል። ዓመታዊ አማካይ በመሆኑ ግን የደረቁን ወራት ችግር አያሳይም።