ስቱኮ የለበሰው ኤንትሬ

አድሼ ወደ ቀድሞ መልኩ እመልሰዋለሁ ብዬ ኮምቦልቻ ላይ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና፣ ፊያት 682 ኤን 3፣ ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉትን፣ ከገዛሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ደላላው «ሞተሩ አልተነካም» ብሎ ምሎልኝ ነበር፤ መሐላውስ እውነት ነበር፤ ለዓመታት ማንም ሳይነካው ቆሞ ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቀዋል። ጋቢናውን ስናስፍቅ ደግሞ ከሚያብለጨልጨው ቀለም ሥር ላሜራ ሳይሆን የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ (የላሜራ ጉድለት መሙያ ልስን)፣ ከስቱኮውም ሥር እንደ ቆሎ የሚረግፍ ዝገት ወጣ። በአሰብ መንገድ ተሳቢ እየጎተተ ስንቱን ቤተሰብ ያስተዳደረ መኪና እንዲህ ተኳኩሎ ለገበያ መቅረቡ እጅግ ያንገበግባል።

የፊያት 682 ዘር መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 በመሆኑ አዲስ መለዋወጫ አልጠበቅሁም፤ ነገር ግን ከሌላ ሬሳ መኪና የተፈታ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) በአዲስ ዋጋ ሲጠራብኝ፣ በዚያም ላይ «ነገ ና» እየተባልሁ ከኮምቦልቻ ደሴ ስመላለስ ትዕግሥቴ አለቀ። የፍሬኑን ሁኔታ ካየሁ በኋላማ የደሴን ቁልቁለት በዚህ መኪና እወርዳለሁ ብዬ መመኘቴ ራሱ አሳፍሮኛል። ደላላው ስልኩን አያነሳም፤ መካኒኩ ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ ሳያሰልስ ይደውላል፤ ለቀብድ።