ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

የአዳማ ሰዎች ሆይ፣ ለሞተ ሰው የምናሳየው ትጋት ሊሞት ለተቃረበው ሲሆን የት እንደሚገባ እስቲ እንጠያየቅ። የእድሩ ጡሩምባ በተነፋ በሰዓታት ውስጥ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ብረት ድስቱ ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ ከቀብር የቀረም በገንዘብ ይቀጣል። ያው ሰው ግን ለወራት የቆርቆሮው ሙቀት በሚያነድደው ክፍል ውስጥ፣ በአንዲት ልጁ እጅ ብቻ እየተገላበጠ ሲማቅቅ፣ ከመካከላችን አንድ ሌሊት አብሮት ያነጋ ማነው? ያልጠየቀው አልተቀጣም፤ የብዙው እድር ደንብ ስለ አስከሬን እንጂ ስለ ሕመምተኛ የሚለው ነገር የለምና።

አጠያየቃችንም ቢሆን የሚያስመሰግን አይደለም። መዋጥ ላቃተው ሰው ማልትና ብርቱካን እንደረድራለን፣ አልጋውን ከብበን ስለ ኑሮ ውድነት እናወጋለን፣ ከዚያም «አይዞህ፣ ትድናለህ» ብለን እንወጣለን። ቤተሰቡ ደግሞ የሕመሙ ስም እንዳይነገረው ይማማላል፤ በዚህም ምክንያት ሰውየው ያለበትን ዕዳ ሳይናገር፣ ልጆቹን ሳይመርቅ፣ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን ሳያስጠራ ያልፋል። ሐኪሙ ወደ ቤቱ ውሰዱት ያለውንም በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ እናመላልሰዋለን። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሊድን የማይችለውን ሰው በመኪና ማንገላታት ሥቃዩን ከማብዛት በቀር የሚፈይደው የለም።

በዚያው በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተሰኘው የበጎ አድራጎት ድርጅት የያዘውን መንገድ ልብ በሉ፤ ነርሶቹ ሕመምተኛውን ቤቱ ድረስ ሄደው ያዩታል። ሆስፒስ የሚባለው እንዲህ ያለው አገልግሎት ዕድሜ እንቀጥላለን አይልም፤ የቀረው ዕድሜ ያለ ሥቃይ እንዲያልፍ ይደክማል። አስታማሚውም ይሠለጥናል፦ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥን፣ ተረከዝና ወገብ ላይ ቁስል እንዳይወጣ መመልከትን፣ የደረቀ አፍን በረጠበ ፋሻ ማራስን ይማራል። ሰውነት ወደ ማረፊያው ሲቃረብ ምግብ እንደሚጠላም ይነገረዋል፤ እኛ ግን «በረሃብ ገደላችሁት» እንዳንባል እያልን በግድ እናጎርሳለን።

ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሆነውን ሞርፊንን መፍራታችን ነው። በሽሮፕ መልክ የሚዘጋጀው ሞርፊን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ተለክቶ በየአራት ሰዓቱ በአፍ ይሰጣል፤ ሆድ ስለሚያደርቅም የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። በዩጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሆስፒስ ባለሙያዎች ዱቄቱን በውኃ እያሟሙ በርካሽ ለድሃው ሲያዳርሱት ኖረዋል። በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም፤ የተገኘው ጠርሙስ ግን «ሱስ ያስይዛል፣ ሞትንም ያፋጥናል» በሚል ሳይከፈት ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል፣ ሕመምተኛውም ሌሊቱን ሙሉ ትራሱን እየነከሰ ያነጋል። በባለሙያ ተለክቶ ለሕመም የሚሰጥ ሞርፊን ሰውን አይገድልም። ጥቂት ሳምንት ለቀረው ሰው ስለ ሱስ መጨነቅስ ምን ይባላል?

ስለዚህ የእድር ዳኞች፣ በመጪው ስብሰባ ይህን በአጀንዳ አስይዙ። ከወርሃዊው መዋጮ ጥቂቱ በሕይወት ላለው ሕመምተኛ ፍራሽ፣ ፋሻና ዳይፐር መግዣ፣ እንዲሁም ከጤና ጣቢያ ለምትመጣ ነርስ የባጃጅ ሒሳብ ይሁን። ወጣቶቹ ድንኳን ለመትከል እንደሚመደቡ ሁሉ ሌሊት ለማስታመምም በተራ ይመደቡ፤ ካህናት፣ ሼኾችና ፓስተሮችም ሕመምተኛው ማውራት ሳያቅተው ይጎብኙት። ደንቡ አይፈቅድም የሚል ገንዘብ ያዥ ካለ ደንቡን ያወጣው ጠቅላላ ጉባኤ ነውና በዚያው ቀን ያሻሽለው።