ከሞተሩ በታች ያለውንም እዩት

ያገለገለ ፎር ዊል ድራይቭ (በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና) ለሚገዙ ሰዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ «መጀመሪያ የሞተሩን ዘይት ቀይሩ» ይላል። ልክ ነው፣ ግን አይበቃም። የእኔን ከገዛሁ ገና 1 ዓመት ሞላኝ፤ ብዙ ያስተማረኝ ከሥር ያለው ነው።

በ2ኛው ሳምንት የፊት ዲፈረንሻሉን ዘይት አስቀየርኩ፤ ዲፈረንሻል የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ባለ ጥርስ ክፍል ነው። ቡሎኑ ሲፈታ የወጣው ነጣ ያለ፣ አረፋ የያዘ ነገር ነበር። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ምክንያቱ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ በጭቃ መደፈኑ ነበር። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየርም ይኮማተራል። በመተንፈሻው አየር ካልሳበ በዘይት ማሸጊያው ጎማ በኩል ውሃ ይስባል። መተንፈሻ ማጽዳት ቀላል ሥራ ነው፤ ጥርሱ ከተበላ ግን ወጪው አይጣል ነው። ስለዚህ እባካችሁ የሁለቱንም ዲፈረንሻል፣ የካምቢዮውንና የትራንስፈሩን (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን ክፍል) ዘይት አስፈትሹ።

ሌላው፣ መሀል ዲፈረንሻል (የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው) የሌለውን መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አታስገቡት። ስትታጠፉ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል ርቀት አይሄዱም፤ ጫናው ጥርሶቹ ላይ ያርፋል። ጨርሶ አለመጠቀምም ጥሩ አይደለም። እኔ በወር አንዴ ኮረኮንች ላይ አስገብቼ ጥቂት ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፣ ዘይቱ እንዲዳረስ።

የታይሚንግ ቺንግያውን (የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እንቅስቃሴ የሚያቀናጀውን ቀበቶ) ደግሞ በሻጩ ቃል ብቻ አትለፉት። መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ ቀይሩት። ክሮቼራውንም (ኃይል አስተላላፊውን ዘንግ የሚያገናኘውን መስቀለኛ መጋጠሚያ) ጥልቅ ውሃ ከተሻገራችሁ በኋላ ግራሶ አስሞሉት።