ባዶ ፖስታ ይዤ ደብረ ብርሃን

አሜሪካ ውስጥ ፖስታ የሚሰበስብ ሰው አለ። ደብዳቤውን አይደለም፣ ፖስታውን። ቴምብሩ በወጣበት ቀን ማህተም የተመታበት፣ በግራ በኩል ሥዕል ያለው፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ ባዶ የሆነ። እኔንም ለከፈኝ፤ የምሰበስበው ግን የዘመናዊ ህንፃ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው፣ አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት ፏፏቴ ላይ የሠራው ቤት ያለበት ቴምብር አለኝ፣ 20 ሳንቲም ይላል። በ2005 ደግሞ የ12 ህንፃዎችን ቴምብር በአንድ ገጽ አወጡ። ከመካከላቸው ብዙ ሰው "ይሄ ምን አስቀያሚ ኮንክሪት ነው" ሲለው የኖረው የዬል ዩኒቨርሲቲው ህንፃ ይገኛል። የመጀመሪያ ቀን ማህተሙ የተመታው ላስ ቬጋስ ነው፣ ከ12ቱ አንዱም እዚያ ሳይኖር! የአርክቴክቶች ጉባኤ እዚያ ስለነበር ነው።

ደብረ ብርሃን ስሄድ ጥቂቱን ለአጎቴ ላሳይ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ አገላብጦ አየና "ውስጡስ?" አለኝ። ባዶ ነው ስለው "ታዲያ ምን ብለው ላኩልህ?" አይፈረድበትም። እሱ የሚያውቀው ደብዳቤ በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት የፖስታ ሳጥን ቁጥር መጥቶ፣ ስም ተጠርቶ፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተላልፎ የሚደርስ ነው። እኔ ጋ አሜሪካ በር ድረስ ይመጣል፣ ግን አብዛኛው ማስታወቂያ ነው፣ ሳልከፍተው እጥለዋለሁ።

ቀጥሎ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣውን ሰጠሁት። አፍሪካ አዳራሽ አለበት። "እህ! ይሄማ የአፈወርቅ ነው!" አለ። ህንፃውን የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ መዘዲሚ ነው፣ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው ባለቀለም መስታወት ነው። ግን አፈወርቅ የአንኮበር ልጅ ነው፣ ሰሜን ሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ ይህን መከራከር ደግሞ አይሞከርም።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ቤተ መንግሥቱን ቅርስ እንላለን፤ የ60 ዓመቱን ሲሚንቶ ግን "አሮጌ ህንፃ" ብለን እናልፈዋለን። አዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት ራሱ የዩጎዝላቪያው ኢቫን ሽትራውስ እጅ ያለበት ነው። ስንቱ ቴምብር ሊገዛ ገብቶ ቀና ብሎ ሳያየው ይወጣል።

ጋሼ "እሱን መስታወት ለብቻው ቴምብር ያውጡለትና ማህተሙ አንኮበር ይመታ" አለ። አዳራሹ እኮ አዲስ አበባ ነው ልለው ነበር፣ ላስ ቬጋስ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።